የድንጋዩና የከብቱ መጽሐፍ

«ይኼኛው ይሻልሻል» ይላል በሱዳን ጠረፍ የገላባት ባለሱቅ ያዕቁብ፣ ወፍራሙን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ ወደ ውባየሁ እየገፋ። «የከብት በሽታ ነው። የላም ሥዕል ማንን ያሳስራል?»

ውባየሁ አትነካውም። ዓይኗ ሌላኛው ላይ ነው፤ ስለ ድንጋይ በተጻፈው ላይ። ሁለቱም ከወንድሟ ከታምሬ ከረጢት የወጡ ናቸው። ድንጋዩ የራሱ ትምህርት፣ ከብቱ የጓደኛው አደራ። ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር እንደተደበቀ ወባ በአራት ቀን ወሰደው። ልብሱን አብረው ቀበሩት።

«እናቴ ምልክት ሳታይ አታለቅስም፣ ጋሽ ያዕቁብ። አምና ሞቱን በወሬ ብቻ ሊያረዳት የመጣውን ሰው በዱላ ነው ያባረረችው። የከብቱን አታውቀውም።»

የድንጋዩን ግን ታውቀዋለች። ሽፋኑ ላይ ክብ ጠባሳ አለ፤ የጋለ ድስት ያሳረፈችበት እሷው ናት። ታምሬ እየሳቀ፣ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ይቅር በለኝ ስትል ነበር።

ያዕቁብ ገለጥ ያደርገዋል። ተራራ፣ ወንዝ፣ ቁጥር የሰፈረበት ካርታ። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«መተማ ኬላ ላይ ካርታ የያዘ ሰላይ ነው፣ እህቴ። ሽፋኑን ብቻ ውሰጂ።»

«ቆዳውን ገፍፌ ልውሰድላት?»

ያዕቁብ መጽሐፉን ወደ ራሱ ይስባል። ካርታዎቹን አንድ በአንድ ገንጥሎ ከስኳር መጠቅለያው ክምር ሥር ይሸጉጣል። የታምሬ ስም ያለበትን ገጽ ግን አጥፎ ኪሱ ይከትና መጽሐፉን ይመልስላታል።

«ከብቱ እዚህ ይቅር። ፍየሌ ስትታመም አነብላታለሁ።»

ውባየሁ አትስቅም። አብረዋት የሚሻገሩት አጫጆች ከደጅ ሆነው ይጠሯታል።

ያዕቁብ ባንኮኒውን ዞሮ ይመጣና እንደ ኬላው ወታደር ደረቱን ነፍቶ ፊቷ ይገተራል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«መጽሐፍ ነው፣ ጓድ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«በርበሬ ልጠቀልልበት።»

«የማን ነው?»

«የወን…»

«ሞትሽ» ይላል በቀስታ። «እንደገና። የማን ነው?»

አውራ ጣቷ ጠባሳው ላይ ያርፋል።

«የማንም» ትላለች። «መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ነው።»

«አሁን ሂጂ።»

አውራ ጣቷ ግን ከክቡ ላይ አልነሳ ይላታል።