ነፋስ ያመጣው

«ነፋስ ያመጣው ማለት እኮ ስድብ አይደለም፤ እውነት ነው፤ አፈርህን እዚህ የከመረው ነፋስ ነው!» አለ ይርዳው፣ በሬዎቹን ጠምዶ ከደጁ ማሳ ጋር እየተጨቃጨቀ።

መሬት አፍ ካወጣ ወዲህ ሳይፈቅድ አይታረስም። ደመናው ጠቁሯል፤ ዛሬ ካልተዘራ የዓመቱ ገብስ ቀረ ማለት ነው።

«እንደ ዱቄት የላምኩ ቢጫ አፈር፣ የቱንም ያህል ቢቆፍሩኝ ጠጠር የማይገኝብኝ፣ ውሃ ይዤ የምከርም እኔ ነኝ መጤ?» አለ ማሳው። «ይቅርታ ጠይቀኝ!»

ሚስቱ ብርቄ ከምሳው ተነሥታ ወጣች። «አፈር ስሆን፣ ማሳዬ፣ አትቀየመው።»

«አፈር መሆን መች ቀላል ሆነ እመቤቴ? ጥልቀት ይጠይቃል።»

ይርዳው በሳቅ ፈነዳ። ብርቄ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቅርታ ማለት ምን ይከብድሃል?»

«ለአፈር? አባቴ ቢሰማ ምን ይላል?»

«አባትህ የት ሆነና ነው? እዚያው አፈር ውስጥ አይደል!»

«አባቴን አታንሺ!»

«ራስህ አይደለህ ያነሣኸው!»

ነፋስ ተነሣ። እየተነታረኩ ገብተው ከገበታው ተቀመጡ። ብርቄ ወጡ ላይ ያረፈውን ቢጫ ብናኝ በማንኪያ ገፈፈች፤ ይርዳውም አፉ ውስጥ የገባውን እንትፍ እያለ ስለ አባቱ መከራከሩን ቀጠለ።

ደጅ፣ በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ማሳው በነበረበት ባዶ አለት ላይ ቆመዋል።