ለጊኒ ፒጎቹ የተገኘ ቦታ

የባሏ አለቃ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው። ሁለት ጊኒ ፒጎቻቸውን «ወይ እስክመለስ አቆይልኝ፣ ወይ የራስህ አድርጋቸው» ብለውታል። እሱም ሹመት የተሰጠው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ጭራ የሌላቸው አይጦች!» አለች በሆዷ። ባለፈው ወር እናቷ ለሕክምና ከደሴ ልምጣ ስትል፣ «በዚህች ስቱዲዮ ውስጥ ፍራሽ የት ሊዘረጋ ነው?» ያለው ይኸው ሰው ነው።

አሁን ሜትር ይዞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወለሉን ይለካል። አልጋውን ወደ ግድግዳው ገፋ፤ ማንም እንዳይነካበት የሚከለክለውን ቡፌ ሳይቀር አዞረው።

«አገኘሁ! ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር! የሽቦ ቤታቸው ልክክ ይላል። ለአለቃዬ ልደውልላቸው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልደውል» አለችና ስልኳን አነሳች። «እማዬ፣ ጓዝሽን ሸክፊ። አማችሽ ራሱ ለክቶ ቦታ አገኘልሽ።»