ከፎቶ የተሰረዘችው ትርሲት

በአዲሱ ሕግ፣ የተከለከለ ሰልፍ ፎቶ ያነሳ ሰው የራሱ ፊት ከፎቶዎች ሁሉ ይሰረዛል። ጋዜጠኛዋ ትርሲት በሙያቸው የተገለሉት ሸክላ ሠሪዎች በከተማው መካነ መቃብር የመቀበር መብት ሲጠይቁ ስድስት ዓመት ሙሉ አንስታቸዋለች። ሳሎን በተሰቀለው የልጇ የሰርግ ፎቶ ላይ እንኳ እሷ ከአንገት በላይ ነጭ ናት።

«እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂና ፊትሽን ይመልሱልሽ» አለቻት ልጇ ኤዶም፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ። «ይቺ ሕፃን ነገ አያቴ ምን ትመስል ነበር ብትለኝ ምን ላሳያት?»

«ያነሳሁትን አሳያት» አለችና ካሜራዋን አንግታ ወጣች።

በዚያው ቀን ሸክላ ሠሪዎቹ የአንዲት እናት አስከሬን ተሸክመው፣ የፖሊስ ዱላ እየወረደባቸው በተከለከሉት የመካነ መቃብሩ በር ገቡ። ትርሲት አነሳች። ዘወር ስትል ኤዶም ሕፃኗን አዝላ፣ ስልኳን ወደ ፖሊሶቹ ደግና ታነሳለች።

«አንቺ፣ ፊትሽ!» አለቻት ትርሲት ደንግጣ።

«ይውሰዱት!» አለች ኤዶም፣ እጇን ሳታወርድ።