የፈታሹ ኩርፊያ

የገበያ ማዕከሉን በር ስድስት ዓመት የጠበቀው ፈታሽ ዛሬ ማንንም ሳይነካ ነው ያሳለፈው። አኩርፎ ነበር። ትናንት የአንዱን ባለ ከረባት ኪስ ስለዳበሰ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ብስራት "አንተ ማነህና ነው የተከበረ ሰው የምትዳብስ?" ብለው ሰው ፊት አዋርደውታል።

አሁን ሁለቱም ከፍተሻው ጠረጴዛ ሥር ተወሽቀዋል። ፎቅ ላይ አንድ ጎልማሳ ያገኘውን ሁሉ በሽጉጥ ይጥላል። የፈታሹ ሴት ልጅ ጫማ የምትሸጠው እዚያው ነው፤ የእሱ መሣሪያ ደግሞ አንዲት ቆመጥ ናት።

"ወንድሜ፣ እንዴት አመለጠህ?" አሉ አቶ ብስራት፣ ወንድምነቱ ዛሬ ትዝ ብሏቸው።

"ሮጦ አለፈኝ፣ ጌታዬ።"

ሰውየው አልሮጠም። እጆቹን ዘርግቶ ቆሞ፣ "ፈትሸኝ እንጂ፣ ጋሼ" ብሎት ነበር። እሱ ነው በአገጩ "እለፍ" ያለው።