ሁለተኛው መስመር

ሲኒማ አጫዋቹ አዲሱን አምፖል አብርቶ የመለኪያውን መርፌ ወደ ሰማንያ አምፒር ሊያደርስ ሲል ሴት ልጁ እጁን ያዘችው። በመለኪያው መስታወት ላይ፣ ሰማንያው ጋ፣ ራሱ በምስማር የጫረው መስመር አለ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

"ደግሞ እዚህ ማሽን ላይ ማን ሊያስተምረኝ ነው?" አላት።

"ለድሮው አምፖልማ ልክ ነህ፣ አባዬ። ይሄኛው ግን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዋት ነው። ለሚሠራበት ለሃያ አምስት ቮልት ስታካፍለው ስልሳ አራት አምፒር ይመጣል። በሰማንያ ከለቀቅክበት ይፈነዳል።"

እያጉረመረመ ቁልፉን አዙሮ መርፌውን ስልሳ አራት ላይ አቆመው። ታች አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ወለል ብሎ በራ፤ ብርሃኑ ቅንጣት አልተርገበገበም። አባትየው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ልጁን አየ። ከዚያ ያንን የዛገ ምስማር ከመሳቢያው አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

"በይ፣ ያንቺን መስመር ጫሪ።"