ከጠብታው ሥር

ሴንሰሩ እንደገና ከቦታው ተነስቷል።

የዓሣ ሐኪሙ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ባትሪ እያበራ ከንፈሩን መጠጠ። «የዓሣ ሐኪም» ያሉት የሰፈሩ ቀልደኞች ናቸው እንጂ ሥራው የሰው ቤት አኳሪየም መጠገን ነው። ዓሣ መርፌ ወግቶ አያውቅም።

ከላይ ሳሎኑን የሞላው የመስተዋት ገንዳ አለ፤ ጨዋማ ውሃ፣ ጥቂት ዓሦች፣ ድንጋይ መስሎ የሚያድግ ሕይወት ያለው ብዙ ኮራል። ከሥሩ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ትንሽ ገንዳ ተቀምጧል። ለኮራሎቹ ምግብ የሚሆነውን ማዕድን አንድ ቀጭን ቱቦ እዚያ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ በሌላው ጥግ የተንጠለጠለ ሴንሰር ደግሞ ውሃውን ይለካል። ሁለቱን ማቀራረብ ነውር ነው። ሴንሰሩ ከጠብታው ሥር ከዋለ የገንዳው ውሃ በሙሉ እንደዚያ በማዕድን የወፈረ ይመስለዋል። ሴንሰሩ የተያያዘበት ማሽንም ማዕድኑ የበዛ መስሎት ማንቂያውን ያሰማል፤ ቱቦውንም ይዘጋል። ኮራሎቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

«ይሞታሉ?» አሉ የቤቱ ባለቤት፣ ባልቴቷ፣ ከኋላው።

ከቁም ሣጥኑ በር አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የወንድ ኮት ቁልፍ ይተክላሉ። እዚያ ተቀምጦ ዓሣ አይታይም። የዓሣ ሐኪሙ የውሃ መግፊያው ሞተር ሙቀት ተስማምቷቸው ይሆናል ብሎ አልፎታል።

«ነጣ ነጣ ብለዋል እንጂ ነፍስ አላቸው፣ እማማ። ማንቂያው አልሠራም እንዴ?»

«ሠርቷል። አጠፋሁት።»

እሱ ሲደርስ ሁሌም ጠፍቶ ነው የሚያገኘው። ማሽኑን የሠሩት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ከወዳደቀ ዕቃ ገጣጥመው፣ ድምፅ ማጉያውን እንኳ ከአሮጌ ቴፕ ነቅለው ነው ያቆሙት። ኮራሎቹንም ከጣት ከማትበልጥ ቁራጭ አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ሰውየው የሉም። ልጃቸውም ቁርጡን ተናግሯል፤ ኮራሎቹ ከሞቱ ገንዳው ይፈርሳል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ እናቱም እሱ ዘንድ ይገባሉ። ባልቴቷ ይህ ሲነሳባቸው ዓይናቸው ውሃ ይሞላል።

መጀመሪያ ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የማንም አልነበረም። የፕላስቲክ ማሰሪያው አርጅቶ ተበጠሰና ሴንሰሩ በራሱ ተንሸራቶ ከጠብታው ሥር ገባ። የዓሣ ሐኪሙ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲህ ግን ማሰሪያው በመቀስ እየተቆረጠ፣ ሴንሰሩ እዚያው ከጠብታው ሥር በክር ታስሮ ይገኛል። አስተሳሰሩም ጥንቅቅ ያለ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው ሰው አለ።

«እማማ፣ ከእኔ ሌላ ይህን በር የሚከፍተው ማነው?»

«ማን ይከፍታል ብለህ ነው። ትናንት ልጄ መጥቶ ነበር።»

«ያለፈው ጊዜስ?»

«ያኔም መጥቶ ነበር።» መርፌያቸውን ኮቱ ላይ ሰኩ። «እሱ ሲሄድ ቤቱ ጭር ይላል።»

የዓሣ ሐኪሙ ደሙ ፈላ። ሰው እንዴት የገዛ አባቱን ኮራል ገድሎ እናቱን ከቤት ያስወጣል!

ልጅየው ከሥራ ወጥቶ ብቅ ሲል በር ላይ ጠበቀው።

«ወንድሜ፣ ሴንሰሩን እየነካ እነዚህን ኮራሎች የሚያስርብ ሰው አለ።»

«እኔን ነው የምትለው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም።»

ልጅየው በእጁ የያዘውን ካርቶን አቀበለው፤ አዲስ ማሽን ነው፣ ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ፣ ድምፅ የሌለው። «የፈለግከውን አስብ። ብቻ ያንን አሮጌ ነገር ንቀልልኝ። ማንቂያውን መስማት አልችልም። አንድ ቀን እዚህ ቁጭ ብዬ ጀመረና ጫማዬን ሳላስር ነው የወጣሁት።»

ይሄ ማሽን መጣል ብቻ አይደለም፣ አለ የዓሣ ሐኪሙ በሆዱ። አባቱን ከቤቱ ጠርጎ ማውጣት ነው የያዘው።

ተመልሶ ገባና ለባልቴቷ ሁሉንም አስረዳቸው። ሴንሰሩ ከጠብታው ሥር በታሰረ ቁጥር ቱቦው እንደሚዘጋ፣ ኮራሎቹ የሚነጡት ስለሚራቡ እንደሆነ ነገራቸው። የልጃቸውን ስም ግን ለማንሳት አፉ አልታዘዘለትም።

«ይራባሉ?» ባልቴቷ እጃቸው ቆመ። «ሴንሰሩ ሲነካ እነሱ ይራባሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ድምፅ ሳያሰሙ ብዙ አለቀሱ። ጥፋተኛው ልጃቸው መሆኑ ገባቸው ብሎ አሰበ የዓሣ ሐኪሙ።

«አይዞዎት። ከእንግዲህ ሴንሰሩን በብሎን ነው የማስረው፤ መቀስም አይነካው። ማሽኑንም ልጅዎ አዲስ አምጥቷል።»

«አሮጌው ይነቀላል?»

«ይነቀላል።»

ባልቴቷ ቁልፉ ያለቀለትን ኮት አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጎንበስ ብለው ወደ ቁም ሣጥኑ ቀረቡ።

«ከመንቀልህ በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው። በሞቴ።»

በር ላይ ቆሞ የነበረው ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋ። የዓሣ ሐኪሙ ሰውየው ሲሄድ በትዝብት አየውና ሴንሰሩን ከጠብታው ሥር ያዘ። ቀይ መብራት በራ። ከአሮጌው ድምፅ ማጉያ የሽማግሌ ሳል ተሰማ፤ ተከትሎም ቁጣ የሚመስል ሳቅ ያለበት ድምፅ መጣ፤ «አንቺ! ኧረ ወዲህ ነይ፣ ውሃዬ ታሞብኛል!»

«መጣሁ፣ የኔ ጌታ» አሉ ባልቴቷ፤ «መጣሁ።»