ካራቫኑን የሚያንኳኩት አሮጊት

«ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ ብትደግሚው መጥረጊያሽን እቀማሻለሁ።»

ሃልቫርድ ይህን ያለው በመኪና የሚጎተተውን ቤቱን፣ የካራቫኑን መስኮት ገፋ አድርጎ ነው።

ውጭ የበረዶ ማዕበል ነው... የተራራው መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል።

የጎረቤት ካራቫን ባለቤት ወይዘሮ ቦርግሂልድ ረጅም መጥረጊያቸውን ይዘው በረዶው ውስጥ ቆመዋል።

ስድቡን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ካራቫናቸው ተመለሱ።

«ምናለ ብትተዋቸው? ትልቅ ሰው ናቸው እኮ» አለች ሚስቱ ሱኒቫ።

«ትልቅ ሰው የሰው ግድግዳ ይደበድባል? የጣሪያችንን በረዶ እኮ በራችን ላይ ነው የምታራግፈው።»

ነገሩ የጀመረው በመጡበት ቀን ነው።

ሃልቫርድ፣ ሱኒቫና ትንሿ ልጃቸው ቲሪል የክረምቱን እረፍት ለማሳለፍ የመጡት ከምዕራቡ ባህር ዳርቻ ነው። እዚያ በረዶ ብዙም አይቆይም። ጠላታቸው በጎን የሚመጣ ዝናብ ነው።

ስለዚህ የባህር ዳርቻ ሰው ካራቫኑ ላይ ቀዳዳ ካየ ይደፍናል።

ሃልቫርድም ብርዱ ከወለሉ ሲመጣበት የአየር መግቢያዎቹን አንድ በአንድ በፕላስተር አሸጋቸው።

«አየሽ? ሙቀት ማለት ይህ ነው» አላት ሱኒቫን።

መርዛማ ጋዝ ሲኖር የምትጮኸውን የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ባትሪ ደግሞ አውጥቶ ለቲሪል አሻንጉሊት ባቡር አድርጎታል። ልጅቷ ስታለቅስበት ሌላ ባትሪ አልነበረውም...

ያን ቀን ወይዘሮ ቦርግሂልድ አንድ ቱቦ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የማሞቂያህ ጭስ ማውጫ አጭር ነው። እዚህ በረዶው ይውጠዋል። ይህን ብትቀጥልበት...»

«ካራቫን መጎተት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም» አላቸው።

ቱቦውን ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንኳኳቱ የመጣው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የመጥረጊያ ኮሽታ ይሰማል። ከዚያ ግድግዳው ይንኳኳል... ሃልቫርድ ይሳደባል... አሮጊቷ ይሄዳሉ።

በማዕበሉ ቀን ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

ኮሽታውን እንደገና ሲሰማ ወጥቶ መጥረጊያውን ከእጃቸው ነጠቀና ካራቫኑ ሥር ወረወረው።

«አሁን በምን እንደምታንኳኪ አያለሁ።»

ወይዘሮ ቦርግሂልድ ቀና ብለው ጣሪያውን ብቻ አዩ።

እሱም ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

የጣሪያው ኮሽታ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሱኒቫ ራሷን አመማት። ሌሊቱን በደንብ ስላልተኛሁ ነው ብላ ናቀችው።

ቲሪል ባቡሯን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ሃልቫርድም አግዳሚው ላይ ጋደም ብሏል።

«ሃልቫርድ... ልጅቷ በዚህ ሰዓት ተኝታ አታውቅም።»

አልመለሰላትም።

ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። በመጥረጊያ ሳይሆን በእጅ ነው።

ዝም።

እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ጠንከር ብሎ።

ሱኒቫ «እባክዎ ይተውን» ልትል ፈለገች... ምላሷ አልታዘዝ አላት።

«ሃልቫርድ» አሉ አሮጊቷ ከውጭ። «ስደበኝ እንጂ። ምን ሆነሃል?»

የበሩ እጀታ ተንቀጫቀጨ። ተቆልፏል።

ካራቫኖች በሚቆሙበት በዚህ ካምፕ ሳይጋበዙ ወደ ሰው ቤት መግባት ትልቅ ነውር ነው። ወይዘሮ ቦርግሂልድ ግን የበረዶ አካፋቸውን አንስተው መስኮቱን ሰበሩት።

ብርዱ እንደ ጥፊ ገባ።

«ሱኒቫ፣ ተነሺ። በሩን ክፈቺልኝ። በእጅሽም በእግርሽም ብለሽ ነይ።»

እየዳኸች ደርሳ ቁልፉን አዞረችው።

አሮጊቷ ማሞቂያውን አጥፍተው ቲሪልን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጧት። ከዚያ ተመልሰው ሃልቫርድን በሹራቡ ጎትተው በሩ ጋ አደረሱት። በረዶው ላይ ተንበርክኮ አስመለሰው።

ልጅቷ ግን አሁንም አልነቃችም።

ሱኒቫ ስሟን እየጠራች ጉንጯን ታሻሸዋለች...

ከብዙ ጭንቅ በኋላ ቲሪል ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ በረደኝ» አለች።

ሱኒቫን እንደዚያ ቀን «በረደኝ» የሚል ቃል ደስ አሰኝቷት አያውቅም።

የበረዶ ጠራጊው መኪና መንገዱን ከፍቶለት አሮጊቷ ደውለው የጠሩት አምቡላንስ ደረሰ። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጥቷቸው አድረው በሰላም ተመለሱ።

ሃልቫርድ መጥረጊያውን ከካራቫኑ ሥር ፈልጎ አወጣና የጎረቤቱን በር አንኳኳ።

ወይዘሮ ቦርግሂልድ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ እየጋገሩ ነበር።

«ጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ ኖሮ የማይታይ፣ የማይሸት መርዛማ ጋዝ ተመልሶ ወደ ውስጥ ነው የገባው አሉን ሐኪሞቹ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ።»

«ደግመው ቢነግሩኝስ?»

«ለአንተ?» አሉት ዋፍሉን እያወጡ።

ሃልቫርድ መጥረጊያውን በሩ ጥግ አቆመው።

«ጭስ ማውጫህን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ አንኳኳለሁ» አሉ። «አንተ ትሳደባለህ። ጥርት ባለ ድምፅ ከሰደብከኝ ደህና ናችሁ ማለት ነው... ሄጄ ሹራቤን እሠራለሁ። የዚያን ቀን ግን ዝም አልክ። አንተ ደግሞ ዝም የምትል ሰው አይደለህም።»

ሃልቫርድ የዚያኑ ዕለት ፕላስተሩን ሁሉ ላጠው፤ ባትሪውንም ወደ ቦታው መለሰ። የተሰበረውን መስኮት በጣውላ ጠገነ፤ ቱቦውንም ተቀብሎ ጣሪያው ላይ ቀጠለው።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ።

ቲሪል አባቷን አየችው።

ሃልቫርድ በሩን ከፈት አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አይተኛም እንዴ?»

«ደህና ናቸው» አሉ ወይዘሮ ቦርግሂልድ ለራሳቸው፣ መጥረጊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እየሄዱ።

ወዳጆቼ... የሚወደንና የሚያስብልን ሰው ሁልጊዜ በጣፋጭ ቃል አይመጣም። አንዳንዱ ይነዘንዘናል፣ እንቅልፍ ይነሳናል፣ እኛም እንሰድበዋለን። እሱ ግን ስድባችንን የሚሰማው ደህና መሆናችንን ለማወቅ ነው።

እናንተስ... ዛሬ ድንገት ዝም ብትሉ፣ መስኮት ሰብሮ የሚገባላችሁ ማን ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።